ኮራሉ የሚጠይቀው ሰባት ዓመት

የሰሜን ተራሮችን አፋፍ ረግጦ ቁልቁል ያየ ሰው ስሜቱን ያውቀዋል። ጉልበት ይከዳል። እግር ሳያስቡት ወደ ኋላ ይላል። አሁን ያንን ገደል በዓይነ ልቦናችሁ ጥርት ባለ ሰማያዊ ውሃ ሙሉት። አፋፉ ላይ ኮራል (ድንጋይ የሚመስል የባሕር ፍጥረት)፣ ስፖንጅ የሚባል የባሕር እንስሳና ዓሣ አድርጉበት። ከዚያ ከአፋፉ አንድ እርምጃ እለፉ። አትወድቁም። ከሥራችሁ ከሺህ ሜትር በላይ ጥልቀት እያለ፣ እናንተ ተንሳፋችሁ ግድግዳውን ፊት ለፊት ታዩታላችሁ።

በካሪቢያን ባሕር ውስጥ ትንሿ ካይማን በምትባል ደሴት፣ ሰዎች ይህንን ለማየት ከሩቅ አገር ይመጣሉ። ቦታው ብለዲ ቤይ ዎል ይባላል። የደም ሰላጤ ግድግዳ እንደማለት ነው። የአገሩ ሰው ስሙን ከድሮ የባሕር ወንበዴዎች ውጊያ ጋር ያያይዘዋል።

እኔን የሳበኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ይህ ቦታ ከካሪቢያን የኮራል አካባቢዎች በደንብ ከተጠበቁት አንዱ ነው። ሕዝብ አይበዛበትም። ፋብሪካ የለውም። እንዲያም ሆኖ በ2023 ኮራሉ ነጣ፤ ማለትም ባሕሩ ሞቆ ታመመና ቀለሙን አጣ። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ታዲያ ጥበቃው ምን ጠቀመ? ይህን ጥያቄ ብዙ ሰው ያነሳዋል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን “ምንም አልጠቀመም” የሚል አይደለም፤ ለምን እንደሆነ ላስረዳ።

መጀመሪያ ቦታውን እንወቀው። ትንሿ ካይማን በብሪታንያ ሥር ካሉት ሦስት የካይማን ደሴቶች አንዷ ናት። ርዝመቷ 16 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስፋቷን በእግር ብትሄዱት ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ነዋሪዋ 200 አይሞላም። ወንዝ የሚባል የላትም፤ ስለዚህ ዝናብ ሲጥል ጭቃና ማዳበሪያ ጠርጎ ወደ ባሕሩ የሚያስገባ ነገር የለም። ውሃው እንደ መስታወት የጠራው ለዚህ ነው።

ሦስቱም ደሴቶች ከባሕር ወለል የተነሳ የተራራ ሰንሰለት አናቶች ናቸው። ከእነሱ በስተደቡብ ያለው የካይማን ቦይ ከ7,600 ሜትር በላይ ይጠልቃል። በካሪቢያን ከዚያ የጠለቀ ቦታ የለም። ግድግዳው ያን ያህል ቀጥ ብሎ የሚወርደው እንዲሁ አይደለም፤ የአንድ ግዙፍ ተራራ ጎን ስለሆነ ነው። ደግሞ አፋፉ ቅርብ ነው። አንዳንድ ቦታ ከውሃው ገጽ 6 ሜትር ብቻ ወርዳችሁ ገደሉ ጫፍ ላይ ትደርሳላችሁ። በብዙ ሌላ ቦታ ግድግዳ ለማየት ጠለቅ ብሎ መውረድ ያስፈልጋል።

ጠላቂዎች የሚወርዱት እንዲህ ነው። ጀልባዋ መልህቅ አትጥልም። ከታች ከአለቱ ጋር በቋሚነት የታሰረ ገመድ አለ፤ ከእሱ ጋር ትያያዛለች። ጠላቂው የአየር ሲሊንደሩን አዝሎ ይገባል። ከአፋፉ በላይ ያለው የኮራል ሜዳ በፀሐይ ብርሃን የሞላ ነው። ከአፋፉ ሲወርዱ ቀለም መጥፋት ይጀምራል። መጀመሪያ የሚጠፋው ቀይ ነው፤ ውሃ ቀይ ብርሃንን ቶሎ ይውጣል። 20 ሜትር ላይ ጣቱ የተቆረጠ ሰው የሚያየው ደም አረንጓዴ መሳይ ነው። የእጅ ባትሪ ሲበራ ግን ግራጫ የመሰለው ስፖንጅ ድንገት ቀይና ብርቱካናማ ሆኖ ይወጣል። ቀለሙ እዚያው ነበር፤ ብርሃኑ ነው ያልደረሰው።

ግፊቱም አለ። በየ10 ሜትሩ ልክ ከላያችን ያለው አየር ሁሉ የሚጫነንን ያህል ይጨመራል። 30 ሜትር ላይ የሚተነፍሱት አየር ላይ ላዩን ከሚተነፍሱት አራት እጥፍ የታመቀ ነው። ሲሊንደሩም በዚያው ልክ ቶሎ ያልቃል። በዚያ ጥልቀት ናይትሮጂኑ አንዳንዱን ሰው እንደ ጠላ ሞቅ ያደርገዋል፤ ማስተዋል ይቀንሳል። ለመዝናኛ የሚጠልቅ ሰው ከ40 ሜትር እንዳያልፍ የሚመከረው ያለ ነገር አይደለም። ሌላ ቦታ ብትሳሳቱ ወለሉ ያቆማችኋል። እዚህ ወለል የለም። ስለዚህ ግድግዳ ላይ ከሁሉም በላይ የሚፈለገው ችሎታ ሳይሰምጡና ሳይንሳፈፉ ባሉበት ጥልቀት መቆም ነው። ይህ ለጠላቂው ብቻ ሳይሆን ለኮራሉም ሕይወት ነው። እመለስበታለሁ።

ኮራል ድንጋይ ይመስላል እንጂ እንስሳ ነው። በሺዎች የሚቆጠሩ ጥቃቅን እንስሳት አንድ ላይ ሆነው የኖራ ቤት ይሠራሉ። በአካላቸው ውስጥ ደግሞ አልጌ የሚባሉ፣ በዓይን የማይታዩ ዕፅዋት መሰል ፍጥረታት ይኖራሉ። አልጌዎቹ ከፀሐይ ብርሃን ምግብ ይሠራሉ፤ አብዛኛውን ለአከራያቸው ይሰጣሉ። የኮራሉ ቀለምም ባመዛኙ ከእነሱ ነው። የኑሮው መሠረት ይህ ስምምነት ነው።

ነገሩ ለእኛ ሩቅ እንዳይመስላችሁ። ከመቶ ሺህ ዓመት በፊት ቀይ ባሕር ወደ ደናክል ዝቅተኛ ቦታ ገብቶ ነበር። በዚያ ዘመን የበቀለው ኮራል ዛሬም አፋር ውስጥ በደረቅ መሬት ላይ፣ ድንጋይ ሆኖ ይታያል። ባሕሩ ሄደ፤ ኮራሉ ቀረ። የባሕር በር የለንም እያልን የምንኖር ሰዎች፣ በራሳችን ምድር ላይ የኮራል አለት አለን።

ወደ ካይማን ልመለስ። አገሩ የባሕር ፓርኮችን ያቋቋመው በ1986 ነው። ኮራል ላይ መልህቅ መጣል ተከለከለ። ብለዲ ቤይ ከተከለሉት ቦታዎች አንዱ ሆነ። በ2021 ደግሞ ክልሉ ሰፍቶ በደሴቶቹ ዙሪያ ካለው ጥልቀት የሌለው ባሕር ግማሽ የሚጠጋውን ሸፈነ።

ጥበቃው መሥራቱን በደንብ የሚያሳየው የናሳው ግሩፐር የሚባለው ዓሣ ታሪክ ነው። ግሩፐር ትልቅ፣ ዝግተኛ፣ ሰው የማይፈራ ዓሣ ነው። ብለዲ ቤይ ላይ ጠላቂን እንደ ውሻ ተከትሎ ይዋኛል። ዓመቱን ሙሉ ብቻውን ይኖራል። ከጥር እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ጨረቃ ስትሞላ ግን ከየአቅጣጫው ተነስቶ አንድ ቦታ ይሰበሰባል፤ እዚያ እንቁላል ጥሎ ይራባል። ያቺን ቦታ ያወቀ ዓሣ አጥማጅ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ማግኘት ይችላል። በካሪቢያን ብዙ አገር እንዲህ ነው የጠፋው።

በ2001 ከትንሿ ካይማን ምዕራባዊ ጫፍ ላይ እንዲህ ዓይነት መሰብሰቢያ ተገኘ። ወደ 7,000 የሚጠጋ ግሩፐር ነበረበት። በሁለት የመራቢያ ወቅቶች ብቻ 4,000 ያህሉ ተጠመደ። መንግሥት በ2003 በመራቢያ ቦታዎቹ ማጥመድን ከለከለ። በ2016 ሕጉ ጠበቀ፤ ከታኅሣሥ እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ የትም ቦታ ግሩፐር መያዝ ቀረ። ውጤቱ ወዲያው አልታየም። ዓመታት አለፉ። ከዚያ ቁጥሩ ማደግ ጀመረ፤ በ2018 ከሦስት እጥፍ በላይ አድጎ ነበር። ናሳው ግሩፐር እስከ ዛሬ በዓለም ደረጃ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ዓሣዎች አንዱ ነው። ስለዚህ ይህ ትልቅ ድል ነው። ሕግ ወጣ፣ ሰው አከበረው፣ ዓሣው ተመለሰ። እንዲህ ዓይነት ዜና ስንት ጊዜ ትሰማላችሁ?

የዓሣ ጉዳይ ለኮራል ምኑ ነው የሚል ካለ ጃማይካን ይመልከት። ጃማይካ የካይማን ጎረቤት ናት። በ1970ዎቹ መጨረሻ በጃማይካ ባሕር ሕያው ኮራል ከ50 በመቶ በላይ የሚሆነውን አለት ይሸፍን ነበር። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከ5 በመቶ በታች ወረደ። እንዴት? አለቱን እንደ አረም የሚሸፍነውን ሌላ ዓይነት አልጌ የሚበሉት ዓሣዎች አስቀድመው ተጠምደው አልቀው ነበር። የአጫጁን ሥራ ለብቻው የያዘው ረጅም ጥቁር እሾህ ያለው የባሕር ጃርት ነበር። በ1980 ከባድ አውሎ ነፋስ ኮራሉን ሰባበረው። በ1983 ደግሞ ከፓናማ የተነሳ በሽታ በካሪቢያን ሙሉ የባሕር ጃርቱን ጨረሰው። ከዚያ በኋላ አልጌውን የሚያጭድ አልተገኘም። ኮራሉ በአረም ታፍኖ እንደሚቀር ማሳ ሆነ። በቀቀን ዓሣ የሚባለውን አልጌ በል ዓሣ ማጥመድን በካሪቢያን ያሉት ቤሊዝ የተባለችው አገር በ2009፣ የቦኔር ደሴት በ2010 የከለከሉት ይህን ተምረው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስኩ። ተመራማሪዎች የትንሿ ካይማንን ኮራል ከ1999 እስከ 2012 በተከታታይ ለኩት። በመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት መንጣትና በሽታ ሕያው ኮራሉን ከ26 በመቶ ወደ 14 በመቶ አወረደው። ከሰባት ዓመት በኋላ ግን ወደነበረበት ተመለሰ። ሙሉ በሙሉ። በካሪቢያን እንዲህ ያለ ማገገም ብርቅ ነው፤ ከ1970ዎቹ ወዲህ አካባቢው በአጠቃላይ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ሕያው ኮራል አጥቷል።

የገረመኝ ሌላው ግኝት ነው። ኮራሉ የወረደውም የተመለሰውም በፓርኩ ውስጥና ከፓርኩ ውጭ በተመሳሳይ መልኩ ነበር። ይህን አንብቦ “እንግዲያው ፓርክ ዋጋ የለውም” ማለት ይቀላል። አጥኚዎቹ ያዩት ግን ሌላ ነው። በደሴቷ ዙሪያ ሁሉ የሰው ጫና እጅግ ትንሽ ነው። ፍሳሽ የለም፣ የተጨናነቀ ወደብ የለም፣ ዓሣው አልተሟጠጠም። ኮራሉ ሲታመም ሌላ ሕመም አልተደረበበትም። በረሃብ የከሳ ሰውና በልቶ የሚያድር ሰው እኩል በወባ ይያዛሉ፤ የሚነሱት ግን እኩል አይደለም። ጥበቃ ወባውን አይከለክልም። ሰውዬው ለመነሳት አቅም እንዲኖረው ያደርጋል።

ግን ለመነሳት ጊዜ ያስፈልጋል። ሰባት ዓመት። የኔ ጽሑፍ ያለው በሙሉ እዚህ ቁጥር ላይ ነው። የግብፁ ፈርዖን በሕልሙ ሰባት የጥጋብ ዓመታት አስቀድሞ አይቷል። ኮራሉ የሚፈልገው ሰባት ጸጥ ያሉ ዓመታት ነው፤ ጥያቄው ባሕሩ እነሱን ይሰጠዋል ወይ ነው።

በ2023 አልሰጠም። የኮራልና የአልጌው ስምምነት የሚፈርሰው ውሃው ሲሞቅ ነው። ባሕሩ በዓመቱ ሞቃት ወር ከለመደው ሙቀት አንድ ዲግሪ ብቻ ከፍ ብሎ ለሳምንታት ከቆየ፣ አልጌዎቹ ለኮራሉ መርዝ የሚሆን ነገር ማመንጨት ይጀምራሉ። ኮራሉ ያባርራቸዋል። ቆዳው ብርሃን የሚያሳልፍ ስለሆነ ከሥር ያለው ነጭ የኖራ አጥንት ይታያል። መንጣት የምንለው ይህ ነው። የነጣ ኮራል ገና አልሞተም። ተርቧል። ውሃው ቶሎ ከበረደ አልጌው ይመለሳል፤ ካልበረደ ይሞታል።

በዚያ ዓመት የካሪቢያን ባሕር ቀድሞ ሞቀ፤ ሙቀቱም ዘገየ። የካይማን ደሴቶች ኮራል በስፋት ነጣ። በሚያዝያ 2024 የአሜሪካ የውቅያኖስና የከባቢ አየር ድርጅት፣ ዓለም በአራተኛው ዓለም አቀፍ የኮራል መንጣት ውስጥ መሆኗን አሳወቀ። የድርጅቱ የማስጠንቀቂያ መለኪያ የመጨረሻ ደረጃው ሁለት ነበር። አልበቃ ብሎ ሦስት፣ አራትና አምስት ተጨመሩበት። መለኪያ ራሱ ሲያንስ ማየት ያስደነግጣል።

ጥልቀቱስ አያድንም ወይ? ግድግዳ ላይ ይህ ተስፋ ይነሳል። ታች ቀዝቀዝ ይላል፣ የላዩ ቢሞት የታቹ ይተካዋል የሚል ሐሳብ ለረጅም ጊዜ ነበር። በከፊል እውነት አለው። ነገር ግን 60 እና 80 ሜትር ላይ የሚኖሩት ኮራሎችና ዓሣዎች ባመዛኙ ሌላ ዓይነት ናቸው፤ ላይኛውን ቤት መጥተው አይወርሱም። ጥልቁ እንደ ዘር ጎተራ ሊቆጠር አይገባም ባይ ነኝ።

በሽታም አለ። በ2014 ማያሚ አካባቢ የታየ፣ የድንጋይ ኮራሎችን ሥጋ የሚበላ በሽታ ከ20 በላይ የኮራል ዓይነቶችን ያጠቃል። መቶ ዓመት የኖረ ኮራል በሳምንታት ውስጥ ሊጨርስ ይችላል። በ2020 ትልቋ ካይማን ደረሰ። ጠላቂዎች በአንቲባዮቲክ የተለወሰ ቅባት የቁስሉን ጠርዝ እየቀቡ ያክሙታል። አንድ በአንድ። በእጅ። ሥራው አድካሚ ነው፤ የሚሠሩትን ሰዎች ከልቤ አከብራቸዋለሁ።

የባሕር ጃርቱ ታሪክም አላበቃም። በ2022 በካሪቢያን እንደገና በብዛት መሞት ጀመረ። በዓመቱ ተመራማሪዎች ገዳዩን አገኙት፤ አንድ ሕዋስ ብቻ ያለው ጥገኛ ተሕዋስ ነው። ከዚያስ? በቀይ ባሕር ሰሜናዊ ጫፍ፣ በአቃባ ሰላጤ፣ የእኛ ሰዎች በሚኖሩባት በኤላት ዳርቻ የካሪቢያኑ ዘመድ የሆነው የባሕር ጃርት በተመሳሳይ ተሕዋስ አለቀ። ኤላት ያላችሁ አንባቢዎች በኮራል ዳርቻው ከውሃው በታች ጥቁር እሾሃም ኳስ የመሰለውን ታስታውሱት ይሆናል። ካሪቢያንና ቀይ ባሕር ያን ያህል የተራራቁ አይደሉም። ወደዚያም የሄደ አለ። ከቀይ ባሕርና ከሕንድ ውቅያኖስ እስከ ፓሲፊክ ድረስ የሚኖረው አንበሳ ዓሣ በ1985 ፍሎሪዳ ላይ ታየ፤ ሳይሆን አይቀርም ከቤት ማሳያ ገንዳ የተለቀቀ ነው። ዛሬ በካሪቢያን ሁሉ ትንንሾቹን ዓሣዎች ይፈጃል። ካይማን ውስጥ ጠላቂዎች በፈቃድ እየወጉ ያወጡታል።

ስለ ጠላቂው ራሱ ደግሞ በግልጽ እንነጋገር። ጠላቂ ኮራሉን ይወዳል፤ ይጎዳዋልም። በሴንት ሉሲያ ደሴት 353 ጠላቂዎችን ከኋላ ሆነው የተከታተሉ ተመራማሪዎች ነበሩ። 74 በመቶው ቢያንስ አንድ ጊዜ ኮራሉን ነክቷል፤ አብዛኛውን ጊዜ በእግር መቅዘፊያው። ካሜራ የያዙት ይብሱ ነበር። ከመጥለቃቸው በፊት “ኮራል አትንኩ” የምትል አንድ ዓረፍተ ነገር ጣል ማድረግ ምንም ለውጥ አላመጣም። ለውጥ ያመጣው መሪው ውሃ ውስጥ ሆኖ ጣልቃ ሲገባ ነው። እንዲህ ያለው ምክር ሳይሆን የሚያይ ዓይን ነው የሠራው። በቦኔር ደሴት ደግሞ በ1993 የወጣ ጥናት አንድ ቦታ በዓመት ከ4,000 እስከ 6,000 ጠለቃ ድረስ ይችላል ብሎ ገመተ። ከዚያ ካለፈ ጉዳቱ መታየት ይጀምራል። ቦኔር ከዚያ አንድ ዓመት ቀድማ ከየጠላቂው 10 ዶላር ማስከፈል ጀምራ ነበር፤ ፓርኩ የሚተዳደረው በዚያ ገንዘብ ነው።

ስለዚህ “ጠላቂ ይከልከል” ከሚሉት ጋር አልስማማም። ጠላቂ ባይኖር ገመዱን የሚያስር፣ ጠባቂውን የሚከፍል፣ ኮራሉ ሲታመም ቀድሞ የሚያይ ሰው አይኖርም። ግን እነዚያ ጠላቂዎች በአውሮፕላን ነው የሚመጡት። አውሮፕላኑ የሚያቃጥለው ነዳጅ ባሕሩን ከሚያሞቀው ነገር አንዱ ነው። ይህን ቅራኔ የፈታው ሰው አላየሁም። ሸፋፍኖ ማለፉ ግን ትክክል አይመስለኝም።

ደሴቶቹ በእጃቸው ባለው ነገር ላይ ግን መወሰን ይችላሉ፤ ወስነዋልም። በሚያዝያ 2025 የካይማን ሕዝብ ግዙፍ የክሩዝ መርከቦች የሚቆሙበት ወደብ ይሠራ ወይ ተብሎ ተጠየቀ። ከዚህ ቀደም የታሰበው ወደብ በትልቋ ካይማን ጆርጅ ታውን ላይ ነበር፤ እዚያ ያለው ኮራል ጉዳይ ለዓመታት ሲያከራክር ነበር። አብዛኛው መራጭ አይሆንም አለ። ከቱሪስት ብዙ ገንዘብ የሚያገኝ ሕዝብ እንዲህ ሲወስን ቀላል ነገር አይደለም።

ከአሜሪካ ወደዚያ አካባቢ ለሽርሽር የምትሄዱ ወገኖቼ፣ የጠለቃ ድርጅት ስትመርጡ ስለ ዋጋው ብቻ አትጠይቁ። አንድ መሪ ስንት ሰው ይዞ ይወርዳል በሉ። ጀልባው መልህቅ ይጥላል ወይስ ከገመድ ይታሰራል በሉ። ከሌላ ደሴት ከመጣችሁ ልብሳችሁንና ዕቃችሁን በምን እንደሚያፀዱት ጠይቁ፤ በሽታው በዚያ መንገድ እንዳይተላለፍ ይሰጋል። ጀማሪ ከሆናችሁ ግድግዳው ላይ ከመሄዳችሁ በፊት አሸዋማ ቦታ ላይ ባላችሁበት መቆምን ተለማመዱ። ካሜራው ለሁለተኛው ጉዞ ይቆይ።

በክረምታቸው፣ ጨረቃ ስትሞላ፣ ግሩፐሮቹ ዛሬም ከደሴቷ ምዕራባዊ ጫፍ ይሰበሰባሉ። ሲመሽ እንቁላላቸውን ውሃው ላይ ይለቃሉ። የሚፈለፈሉት ጫጩቶች ከአንድ ወር በላይ በሞገድ ይንሳፈፋሉ። ከዚያ መደበቂያ ፍለጋ ይወርዳሉ። ሲያድጉ የሚገቡት ኮራሉ ስንጥቅ ውስጥ ነው። አንድ ግሩፐር አድጎ እሱም በተራው ወደዚያ ስብሰባ ለመሄድ ከአራት ዓመት በላይ ይፈጅበታል፤ አንዳንዱ እስከ ሰባት። እስከዚያ ድረስ ቤቱ ቆሞ መጠበቅ አለበት።